አልጋውን ከፍ ያደረጉት አራት ጉማጆች

ለተከበሩ ታላቅ እህቴ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ፣ በፋሲካ ማዕድዎ ላይ ልጄን ኔልቼን «ሰነፍ» ብዬ የተናገርሁትን ቃል በገዛ እጄ ለመሻር ነው።

ጤናዎ እንደምን ነው? በዚህ እርጥብ ነፋስ የጉልበትዎ ሕመም አልበረታብዎም? እኛ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ ደህና ነን፤ ከትናንት ወዲህም በቁጥር አንድ ጨምረናል።

እንደሚያውቁት በዚላንድ አውራጃ፣ በቤታችን ሴት የምትወልደው በአያቶቻችን አልጋ ላይ ነው። አዋላጂቱ እንዳትጎነብስ አልጋውን ከፍ የሚያደርጉትን አራት የባሉጥ እንጨት ጉማጆች ከጣሪያ ሥር አውርጄ፣ ወልውዬ ለኔልቼ ወሰድሁላት። እርሷ ግን ሕፃኑ እግሩን ወደ ታች አድርጎ መቀመጡን፣ አዋላጂቱ ያናከ ደግሞ በሆዷ ላይ በእጇ ልታዞረው ሞክራ እንዳልሆነላት ነገረችኝ። ሐኪሙ ሁለቱንም መንገድ አስረድቷታል፦ የሕፃኑ መቀመጫ ቢቀድም ኖሮ፣ በሆስፒታል፣ በለመደ እጅ፣ በምጥ መውለድ ይሞከር ነበር፤ እግር ሲቀድም ግን እትብቱ ሾልኮ ሕፃኑ ሊታፈን ይችላልና ቀዶ ሕክምናው ይሻላል። እርሷም ይህንኑ መረጠች።

እኔም «ምጥን መሸሽ ግዴታን መሸሽ ነው» አልሁ።

ኔልቼ ሳትቆጣ፣ «አባባ፣ አልጋው ከፍ ስላለ ልጁ አይገለበጥም። ጉማጆቹን ለዶሮዎቹ መቆሚያ ያድርጓቸው» አለችኝ። አዋላጂቱ ያናከ ደግሞ ከጓዳ ሆና፣ «መምህር፣ መጀመሪያ አንድ ቀን ያምጡና ከዚያ ይምከሩን» ብላ ሳቀች። ተቆጥቼ ወጣሁ።

ሚስቴ በዚያ ሁሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ዝምታዋንም እንደ ስምምነት ቆጠርሁት። እርሷ የበኩር ልጃችንን ስታምጥ በዚያ አልጋ ላይ የሆነውን የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን። እጇን ይዘው የነበሩት እርስዎ ነዎት፤ «ሐኪም ይጠራ» ሲሉም «ይቆይ» ያልሁት እኔ ነኝ። በቤተሰባችን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የበኩራችን ልደትና ዕረፍት በአንድ ቀን ተጽፏል።

ትናንት ረፋድ ላይ የኔልቼ ልጅ በሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ተወለደች፤ ጩኸቷን በበሩ ስንጥቅ ሰማሁት። እናቲቱም ደህና ናት። ሕፃን ሲወለድ እንደ ወጉ የአኒስ ቅመም ስኳር የተነሰነሰበት ብስኩት ሰጡን፤ እኔም ግማሹን ስኳር በካፖርቴ ላይ አፈሰስሁት።

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ይህችንም ሕፃን ለመባረክ ያብቃዎ።

ታናሽ ወንድምዎ

ይህን ሳልጨምር ግን ደብዳቤውን ማሸግ አልሆነልኝም። ሚስቴ ሕፃኗን እንደታቀፈች፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር እንዲህ አለችኝ፦ «ቤት ስንገባ እነዚያን ጉማጆች ፍለጣቸውና ምድጃ ውስጥ ክተታቸው።»