ልጄ ድናለች፣ ፍራሿ ግን ተቃጥሏል

ለተከበሩ የጤና ኮሌጁ ዲን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ከእግር ጥፍርዎ እስከ ራስ ጠጉርዎ ደህና እንዲሆኑ፣ ብጉር እንኳ እንዳይወጣብዎ እመኛለሁ። ብጉር በእርስዎ ግቢ ምን እንደሚያስከትል አይቻለሁና።

እኔ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ የቀቀልኩ ሰው ነኝ። የማታ ትምህርት ጨርሼ ማንበብ ከጀመርኩ አራት ወር ሆኖኛል። ከክፍሌም አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ሁለተኛ የወጡት የሰባ ዓመት እናት መሆናቸውን ጠላቶቼ ካልነገሩዎት እኔ አልነግርዎትም። በኮሌጁ በር ላይ ያስለጠፉትን የኤምፖክስ፣ ማለትም የዝንጀሮ ፈንጣጣ፣ ማስታወቂያ የማተሚያ ቤቱ ስልክ ሳይቀር አንብቤዋለሁ። ከለጠፉት ሰዎች መካከል እንዲህ ያደረገ መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

ልጄ የሦስተኛ ዓመት የነርስነት ተማሪዎ ናት። በልምምድ ላይ ሳለች፣ ሌሎቹ "አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ አንቺ ግቢ" እያሉ የገፉላትን በሽተኛ ቁስል ስትጠርግ በሽታው ያዛት። ሃያ ስድስት ቀን ሆስፒታል ለብቻዋ ተኛች። ቅርፊቱ ረግፎ አዲስ ቆዳ ሲወጣ ሐኪሙ "ድናለች፣ አታስተላልፍም" ብሎ በማኅተም ጻፈላት። እንግዲህ ምስጋናዬ ይኸው፦

፩ኛ፣ እሷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ፍራሿን ከማደሪያ ክፍሏ አስወጥተው ከነአንሶላው ግቢ ውስጥ ስላስቃጠሉልን። ማስታወቂያዎ "በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ" ይላል፤ ለእኔ ቢልኩልኝ ሥራዬ አልነበር? የሦስት ዓመት ደብተሯንም አብረው ማገዱት። ነገ በሽተኛ የሚያስታምሙት ጓደኞቿ በስልክ ሲቀርጹ ስለነበር፣ ጭሱን ከነሳቃቸው ለማየት በቅተናል።

፪ኛ፣ የሐኪሙን ወረቀት ይዛ ስትመጣ፣ ዘበኛው እንዳይነካው ታዞ ስለነበር በአጥሩ ክፍተት እንድታነብለት ስላደረጉ። መንገደኛው እየሰማ "ድኛለሁ" ብላ ሦስት ጊዜ ጮኸች። በዘበኛው አልፈርድም፤ "እኔ ምን ላድርግ የኔ ልጅ፣ የተማሩት ፈሩ" ብሏታል።

፫ኛ፣ ለተማሪዎችና ለጤና ሠራተኞች ስለበተኑት መጠይቅ። ከመቶው ዘጠና አንዱ "ከበሽታው ከዳነ ሰው ጋር አብሬ እማራለሁ" ማለታቸውን ከኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ አነበብኩ። የቀሩት ዘጠኙ ብቻቸውን ፍራሽ ተሸክመው፣ እሳት አንድደው፣ ቀርጸውም መጨረሳቸው እጅግ ያስመሰግናቸዋል።

፬ኛ፣ ለአንድ ዓመት ከትምህርት እንድትርቅ ስለሚለው ደብዳቤዎ። በሕይወቴ በገዛ ዓይኔ ያነበብኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ እሱ ነው። ፊደል ባልቆጥር ኖሮ ለራሷ እሰጣት ነበር፤ እሷም አባቷ እንዳያዝን ለውጣ ታነብልኝ ነበር። አሁን ግን ደባቂው እኔ ሆንኩ። ሁለት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ፤ በሦስተኛው ቀን ሰጠኋት።

ለፍትሕ ያህል ራሴንም ልክሰስ። ያን ሁሉ ያነበብኩ ጎበዝ፣ ልጄ ከሆስፒታል ወጥታ ልታቅፈኝ ስትመጣ ክርኔን ዘረጋሁላት። "አይዞህ አባዬ፣ ይገባኛል" አለችኝ። አጽናኟ እሷ፣ ተጽናኙ እኔ። ንባቤ ከዓይኔ ወደ ክንዴ አልወረደም ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አቅፌያታለሁ፤ ያቺን የመጀመሪያዋን ግን ከየት አመጣታለሁ?

እርስዎ ገና ጊዜ አለዎት። ሰኞ ጠዋት ፈተና ነው። ያን ደብዳቤ ይሰርዙልን፣ በሩን ያስከፍቱልን፤ ወንበሯም ጥግ ላይ ሳይሆን ከጓደኞቿ መሃል ይሁን።

በጥንቃቄዎ ብዛት ዕንቅልፍ ያጣሁ፣ ለአክብሮቴ ልክ ይህ ወረቀት የማይበቃኝ፣ ታዛዥዎ፣
የልብስ ማጠቢያው አባት

ማሳሰቢያ፦ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ሰሌዳው ላይ ለጥፌ ዋናውን ለእርስዎ ልኬያለሁ። የፊደል ግድፈቴን ያረመችልኝ ልጄ ናት፤ ወረቀቱን በባዶ እጇ ይዛ፣ መስመር በመስመር። እዚህ እስኪደርሱ ድረስ እርስዎም በእጅዎ ይዘውት ቆይተዋል። ታዲያ ምን ሆኑ?