ዳንቴሉን ከአምፕሊፋየሩ ላይ አንሺ

ሄርሜላ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ። ቆመሽ ካነበብሽው እንደ ምክሬ ሁሉ ግማሹን በር ላይ ትጥይዋለሽ።

ሸጎሌ ለቀብር ሄጃለሁ፤ አድሬ ነው የምመጣው።

ትናንት አምፕሊፋየሩ ለምን ቀጥ እንዳለ አገኘሁት። «የአጎቴ ሣጥን ማጉረምረም እንጂ መዘመር አያውቅም» እያልሽ ከጓደኞችሽ ጋር ስትሳሳቁ ሰምቻለሁ። ሣጥኑ ምንም አልሆነም! እንግዳ ይመጣል ብለሽ ዳንቴል ያለበስሽው አንቺ ነሽ። ሙቀቱ የሚወጣው በላይኛው ቀዳዳ ነው፤ እሱን ደፍነሽ ምን ይሁን? ዳንቴሉን ሳነሣው ሣጥኑ እንደ ካውያ ይፋጅ ነበር። ቤቱን ልታነጂው ነበር እኮ።

እዝ የሚለውም ከስልክሽ ቻርጀር ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ ስለሰካሽው ነው። ለብቻው ግድግዳው ላይ ሰኪው። ሽቦውን እንዳትነካኪ።

ለአንቺ ጫጫታ ነው፤ ይገባኛል። እናትሽ ግን ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ፣ ከተኛችበት ሆና ቅዳሴውን የምትሰማው በእሱ ብቻ ነው። ጸጥ ሲልባት ሁላችንም ጥለናት የሄድን ይመስላታል። ትናንት ስገባ «ወልዱ፣ ቤት ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ። አንቺ ሳሎን ነበርሽ።

ትናንት በጓደኞችሽ ፊት አንቺ ላይ መጮኼ ግን...
በቃ፣ ይቅር።

ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቂና ብሉ።

ልጄ፣ ዛሬም ድምፁ ከጠፋ፣ ሣጥኑን ከመነካካትሽ በፊት ገባ በይና እጇን ያዢላት። ይህቺን ብቻ አደራ፣ አስታውሺልኝ።

አጎትሽ ወልዱ