መሃሉ ባዶ ነው ስለተባለው ጥናት

ለተከበሩ የማዕረግ እድገት ቦርድ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የቦርዱ አባላትስ ወንበሩ ተመችቷቸዋል? እኔ ደህና ነኝ። ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ላስቀድም፦ ባሌ በሞተ ሰሞን ትንሿን ልጄን፣ አባትሽን የገደለው የአንቺ ለቅሶ ነው ብያታለሁ። ይህ እናንተን እንዴት እንደሚመለከት ከዚህ በታች በትሕትና አስረዳለሁ።

በቅድሚያ፣ የሰፈራችንን ሕፃናት ጨዋታ ያጠኑት ተመራማሪ ለምን ፕሮፌሰር ሊሆኑ እንደማይገባቸው የሚያስረዳውን ውሳኔያችሁን በተቋሙ በር ላይ ስለለጠፋችሁልን አመሰግናለሁ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ለቀራቸው ሴት እንዲህ ያለ ስንብት ማሰናዳት ቀላል አይደለም። ፍሬ ሻጯ ሳትቀር፣ «እኚህ ሕፃናቱ ጥግ ተቀምጠው ያረጁት ሴትዮ አይደሉም እንዴ? ምን አጠፉ?» ብላኛለች። እኔም ፊደል የለየሁት በልጄ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ስለሆነ ቀስ ብዬ፣ ምንም ሳላስቀር አነበብኩት። ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

1. ጥናቱ «በአንድ ሰፈርና በጥቂት ሕፃናት ላይ የተወሰነ ነው» ብላችኋል። እውነት ነው። ተመራማሪዋ ልጆችን ከሩቅ ሆነው መቁጠር ሲችሉ፣ በሰፈራችን ሕፃናት መጫወቻ ክፍል ጥግ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን እስኪነካ በሕፃን ወንበር ተቀምጠው ጨዋታቸውን ሲሰሙ ዓመታት አሳልፈዋል። ልጆቹ «የጥጓ እትዬ» ይሏቸው ነበር። በመሃሉ ጫማ ያስራሉ፣ ንፍጥ ይጠርጋሉ። ይህ ሁሉ ነጥብ እንደሌለው ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን፤ እኛ የሰፈሩ እናቶች ሥራ መስሎን ነበር።

2. «የጥናቱ መሃል ባዶ ነው፤ አንድ ምዕራፍ ጎድሏል፤ ተመራማሪዋም ምክንያቱን ለመግለጽ ፈቃደኛ አልሆኑም» ብላችኋል። ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ልጄ በመጫወቻው ክፍል የጨርቅ አሻንጉሊቷን ስታስተኛ፣ «እሹሩሩ፣ ዝም በይ! አባትሽ የሞተው በአንቺ ጩኸት ነው። ደግሞ እኔን ልትገድዪኝ ነው?» እያለች በቴፕ ተቀድታለች። ተመራማሪዋ ከሌሎቹ ልጆች ጨዋታ ጋር አያይዘው፣ የቤት ሐዘን በልጅ አፍ እንዴት እንደሚወጣ አንድ ምዕራፍ ጻፉ። ከማሳተማቸው በፊት ግን ቤቴ መጥተው፣ ያኔ ማንበብ ስለማልችል፣ አንድም ሳይዘሉ አነበቡልኝና ይታተም ወይስ ይቅር አሉኝ። ስም የለበትም። እኔ ግን ቃሌን አወቅሁት። ይቅር አልኩ። «እሺ እህቴ» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ከተቱ፤ ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ። ስትጠይቋቸው ዝም ማለታቸውን «የትብብር ጉድለት» ብላችሁታል። ቃል መጠበቅ እንዲህ ያለ የቢሮ ስም እንዳለው ስላስተማራችሁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

3. ሦስተኛው ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው፤ ለዚህ ግን ቦርድ አልተቋቋመም።

እዚህ ላይ መቆጣት ወይም ማልቀስ ይገባኝ ነበር። ሞከርኩ፤ አልመጣም። ስለዚህ በደረቁ እጽፍልዎታለሁ፦ ምዕራፉ ወደ ቦታው እንዲመለስ በበኩሌ ፈቅጃለሁ። ተመራማሪዋ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ባለው የመጨረሻ ስብሰባችሁ፣ ጊዜ ከተረፋችሁ፣ አንብቡት። እሳቸው ይህን አልጠየቁኝም፤ ቢሰሙ ኖሮ ይከለክሉኝ ነበር።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የጥናቱ ባዶ ቦታ

የተረሳ ነገር፦ ልጄ ዛሬ ራሷ እናት ናት። ሕፃኗ ባለቀሰ ቁጥር ባሏ የተኛበትን ክፍል በር ሮጣ ትዘጋለች። ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። በመመዘኛችሁ ስንት ነጥብ እንደሚያሰጥ ግን አላገኘሁትም። በቴፑ ላይ ያለው ድምፅ የእሷ ስለሆነ፣ የእኔ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ አንብቦ መጠየቅን የተማርኩት ከጥጓ እትዬ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ለእሷ ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ። ይቅር ካለች አጥፌ ቦርሳዬ እከተዋለሁ። ይህን እያነበቡ ከሆነ ፈቅዳለች ማለት ነው፤ ቢሆንም እርስዎ እጅ የገባው ግልባጩ ነው። ዋናው የልጄ ነው።