አባትሽ የልብ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ቀን

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ።

አባትሽ ተርፏል፤ አስቀድሜ እሱን ልንገርሽ። ያ አልለቅ ያለው ትኩሳት ጉንፋን አልነበረም። ጀርም ልቡ ውስጥ ገብቶ አንዱን ቫልቭ፣ ደም የሚያሳልፈውን በር፣ በልቶታል፤ መድኃኒቱም ብቻውን አልቻለውም። ሐኪሟ "አባባ፣ ቫልቩ መቀየር አለበት" ስትለው፣

"ልጄ እስክትመጣ ብንጠብቅስ?" አላት።

"ከጠበቅን፣ ከተበላው ላይ ቁራጭ ተቆርሶ በደም ወደ ጭንቅላትዎ ሊሄድ ይችላል" አለችው።

ልብስ ሰፊው አባትሽ ወደ እኔ ዞሮ "ስንቱን ስቀድ ኖሬ፣ ዛሬ ደግሞ የእኔ ተራ ደረሰ" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

አሁን የብረት ቫልቭ ገብቶለታል። መርፌውን እስኪጨርስ እዚያው ሆስፒታል ተኝቷል፤ "ይሄ ሾርባ ነው ውሃ?" እያለ ነርሶቹን ያማርራል። ቤቱ ጭር ስላለብኝ እኔ ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምውለው። አንቺ ብርዱን አትድፈሪው፣ ምግብሽንም አትዝለዪ።

የቀዶ ጥገናው ቀን ወደ ውስጥ ሲያስገቡት ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። አጠገቤ የነበረች አስታማሚ "እማማ፣ ሰው የለዎትም እንዴ?" አለችኝ።

"ልጄ ውሃ ልትገዛልኝ ወጥታለች" አልኳት።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እል ነበር።

አምላክ እጅሽን ይባርክልኝ፣ ክፉ አይንካሽ። ሥራሽ እንዳይበላሽ አትቸኩዪ፤ ሲመችሽ ግን ነዪ፣ ልጄ።

እናትሽ