ለይማም የላክኋቸው ዘፈኖች

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ይማም ዛሬም ልብ ብቻ ላከልኝ። አንድ ቀይ ልብ፣ ሌላ ምንም የለም። ስለ ለቀስተኞቹ፣ ስለምወደው ባንድ፣ የስድስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ልኬለት ነበር። ክርክሬን አንድ በአንድ አስቀምጬ፣ የተማሪ ወረቀት እያረምኩ እንኳ ሳስብበት ከርሜ። የድሮው ወንድሜ ቢሆን የአሥር ደቂቃ መልስ ይልክልኝ ነበር። «ዚነት፣ አንቺ መቼ ነው ሙዚቃ የሚገባሽ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ይህን ደብተር ስጀምር ነገሩን ከነመነሻው እጽፋለሁ ብዬ ነበር፤ ስለዚህ ልጻፈው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ይማም ከኮምቦልቻ የሰልባጅ ካፖርት ገዛ። ኪሱ ውስጥ ፍላሽ ተገኘ። ፍላሹ ውስጥ ዘፈን አለ፣ ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ። ሁሉም ከባድ፣ ሁሉም ዝግ ያለ። ጊታሩ ትልቅ ግንድ እንደሚጎትት ሰው ነው፤ ሳብ ያደርጋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ሳብ። ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። እኔና እሱ ግን ሁለተኛ ሰማነው፣ ሦስተኛም። «ዱም ሜታል» እንደሚባል ያወቅነው ከዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ለባንዶቹ ራሳችን ስም አውጥተንላቸው ነበር። ኦርጋን ያላቸውን፣ ከሁሉም የሚዘገዩትን «ለቀስተኞቹ» አልናቸው። ድምፃቸው የቆሸሸውን፣ የሚያጓሩትን «ጭቃዎቹ»። ኋላ ስልክ ላይ እንደኛ ያሉ ሰዎች የተሰባሰቡበት ግሩፕ አግኝተን እውነተኛ ስማቸውን ብናውቅም ያወጣንላቸው ስም አልለቀቀንም።

እኔ የለቀስተኞቹ ነኝ። እሱ የጭቃዎቹ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ተሸንፎልኝ አያውቅም።

አሁን ግሩፑ ላይ ጥያቄ ወጥቷል፤ ይህን ሙዚቃ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ የትኛውን ባንድ ትሰጡታላችሁ የሚል። ይማም ያለ አንዳች ክርክር ለለቀስተኞቹ ድምፁን ሰጠ።

ከእኔ ጋር መከራከር እንኳ ካልፈለገ ተቀይሞኛል። በምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ሊቀየመኝ የሚችልባቸው ነገሮች፦ ያለፈው ሳምንት ቤቱ እመጣለሁ ብዬ መቅረቴ። ጭቃዎቹን «የተናደደ በሬ» ማለቴ። ለእማ ስልክ ስገዛ ሳላማክረው መግዛቴ። ሦስቱም ለሳምንት የሚያስኮርፉ አይደሉም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሚስቱን ሉባባን መንገድ ላይ አገኘኋትና ጠየቅኋት። ሥራ በዝቶበት ነው አለችኝ። ስትናገር ግን አላየችኝም፤ የያዘችውን ፌስታል ነበር የምታየው። ቴሌቪዥን ማየት እንደተወ፣ ሰው ቤት ሲመጣም ቶሎ ብሎ እንደሚወጣ ነገረችኝ።

እማ ደግሞ ለቀስተኞቹን ከፍቼ ብታገኘኝ በር ላይ ቆማ አዳመጠች። «ይኼ ደግሞ ምን ደርሶበት ነው?» አለች። ምንም አልደረሰበትም፣ ዘፈን ነው አልኳት። «አላህ ያጽናው» ብላ ሄደች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

የዛሬውን እየሳቅሁ ልጽፈው ነበር። አልቻልኩም።

ጠዋት ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ ስለ ኩላሊት ያቀረቡትን በስልኬ ቀዳሁት፤ ማርክ ስሰጥ ደግሜ እሰማዋለሁ ብዬ። በእረፍት ሰዓት ደግሞ አዲስ ያገኘሁትን ባንድ ለይማም ላክሁለት። ሁለት ጊታር ብቻ፣ ዘፋኝ የላቸውም፣ በጣም ከባዶች ናቸው። ቢያንስ ለዚህ ይከራከረኛል ብዬ ነው። ከምሳ በኋላ መልስ መጣ። «ግሩም ነው። በተለይ መጨረሻው ላይ ያለው ጊታር።»

ደስ አለኝ። መጨረሻውን እኔም ልስማው ብዬ የላክሁትን ከፈትኩት። የመጣው የተማሪዬ የሐናን ድምፅ ነው፦ «ኩላሊት ደማችንን ያጣራል።» ተሳስቼ የተማሪዎቹን ነው የላክሁለት። መጨረሻው ላይ ያለው ጭብጨባ ነው።

መምህራን ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረችው መምህርት ምን አገኘሽ አለችኝ። ልነግራት ስል ሳቁ ጠፋ። ሳይሰማ ነው የመለሰልኝ። ይማም፣ አንድ ዘፈን ሦስቴ ሳይሰማ አስተያየት የማይሰጠው ይማም። ያለፉት ልቦችስ? ስንቱን ነው ሳይሰማ ልብ ያደረገልኝ? ተቀይሞ ቢሆን ዝም ይላል እንጂ አይዋሽም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ይማም የሚሠራበት ብየዳ ቤት ሄድኩ። ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ አብሮት የሚሠራው ሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፤ ይማም ብቻውን ነበር። ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ በግራይንደር ቱቦላሬ ብረት ይቆርጣል። ፍንጣሪው እግሩ ሥር ይረግፋል። ዐይኑ ላይ መነጽር አለ፤ ጆሮው ላይ ምንም የለም። ኖሮትም አያውቅም። እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁትም?

ቆርጦ እስኪጨርስ ጠበቅሁ። ግራይንደሩን አጥፍቶ አስቀመጠው። ከዚያ ጠራሁት። ሦስት እርምጃ ነው ያለሁት። «ይማም» አልኩ። ላሜራ ብረቱን ይለካል። ደግሜ ጠራሁት፣ ጮክ ብዬ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ ዞሮ አየኝ፤ ይማም አልዞረም። ጥላዬ ላሜራው ላይ ሲያርፍ ነው ቀና ያለው። ፈገግ አለ፤ የተያዘ ሰው ፈገግታ ነበር።

መቼ ጀመረህ አልኩት። አፌን እያየ ነው የሰማኝ። መጀመሪያ ምኑ ሊል ፈለገ፤ ተወውና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ቀኙ ከአምናው ክረምት ጀምሮ፣ ግራው ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ። ጆሮው ውስጥ ሁልጊዜ የሚያፏጭ ነገር አለ። ሰው ሲናገር ድምፁ ይመጣል፣ ቃሉ አይመጣም። የሴት ድምፅ ይብስበታል። ከስልክ የሚመጣውማ ምንም። የሚያውቀው ሉባባ ብቻ ናት፤ እንዳትናገር አስምሏታል።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

«መላክ ታቆሚያለሽ ብዬ ነው» አለ።

መንገድ ዳር ባይሆን አቅፈው ነበር። ክንዱን ብቻ ያዝኩት። የብረት ብናኝ እጄ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ደሴ ሄድን፣ የጆሮ ሐኪም ጋ። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ ሲለው ይማም ስላልሰማው እኔ ቶሎ ብዬ መለስኩለት፤ መመለሴን አይቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። እንዳፈረ ገባኝ። ሁለተኛ እንዲህ አላደርግም።

ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡት፣ መስሚያ ጆሮው ላይ አደረጉለት። ድምፅ ስትሰማ እጅህን አንሣ ነው። እኔ በክፍሉ መስተዋት መስኮት አየዋለሁ። መጀመሪያ እጁ ቶሎ ቶሎ ይነሣ ነበር። እየቆየ መዘግየት ጀመረ። በመጨረሻ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ተቀመጠ። የምትመረምረው ባለሙያ የመሣሪያውን ቁልፍ ትጫናለች፣ ትጽፋለች፣ ትጫናለች፣ ትጽፋለች። እሱ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፊት ለፊት እያየው ቀስ ብሎ ነበር የሚያወራው። ወረቀቱ ላይ ያለውን መስመር አሳየን። ከግራ ደህና ይሄድና መሀል ላይ ሲደርስ እንደ አምባሰል ገደል ቁልቁል ይወርዳል። ወፍራም ድምፅ አለ፣ ቀጭኑ ሄዷል። የሄደው አይመለስም። የቀረውን ግን መጠበቅ ይቻላል፤ ከእንግዲህ ያለ ጆሮ መሸፈኛ ግራይንደር መንካት የለም። ማዳመጫ መሣሪያ ሊረዳው ይችላል፤ ለሁሉም ሰው እኩል ስለማይሆን ሞክረን እናያለን አለ።

ይማም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ቤዝ ጊታር ወፍራም ነው ቀጭን?»

ሐኪሙ ሳቀ። ወፍራም ነው አለው፤ ቤዝ ጊታር ያለው ገና ገደሉ አፋፍ ሳይደርሱ ነው።

መልስ ላይ ሱሉላ የምትባለው ከተማ ገደማ ስንደርስ ነገሩ በራልኝ። የስልክ ድምፅ ማውጫ የጥፍር ያህል ነው። ቀጭኑን እንጂ ወፍራሙን አያወጣም። የምልክለት ሁሉ እሱ የማይሰማው ክፍል ብቻ ሆኖ ነበር የሚደርሰው።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ለሠርግ ድንኳንና ስፒከር የሚያከራየው ጎረቤታችን ትልቁን ሞንታርቦ አዋሰን። ከሰዓት በኋላ ብየዳ ቤቱ ውስጥ አቆምነው። ሉባባ መጣች፤ እማም ምን ልታደርጉ ነው ብላ ተከትላን መጣች።

ለቀስተኞቹን ከፈትኩ። ይማም በርጩማውን ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ፤ መዳፉን የሞንታርቦው ሳጥን ላይ አደረገ። መጀመሪያ ኦርጋኑ ብቻ ነው። ይማም እኔን ያያል። «ኦርጋኑ መቼ ነው የሚገባ?» አለኝ። ገብቷል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሉባባ ወደ ውጭ ዞረች። ለቀስተኞቹን የምወደው በዚያ ኦርጋን ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት የተከራከርኩለትም እሱን ነው። ለወንድሜ ግን ከእንግዲህ የለም።

ከዚያ ጊታሩና ቤዙ አንድ ላይ ወረዱ። ግድግዳው ላይ የተደገፈው ላሜራ ተንቀጠቀጠ። ይማም ዐይኑን ጨፈነ። ዘፈኑ አሥራ አራት ደቂቃ ነው፤ እስኪያልቅ አልገለጠውም። ዜማው ቁልቁል ሲመለስ የመጨረሻዎቹ ሁለት ድምፆች ተጠጋግተው ይወርዳሉ፣ ልክ እንደ አምባሰል ቅኝት። ይህን ስንት ዓመት ነግሬው ምኑን ከምን ታገናኛለሽ ሲለኝ ኖሯል። ዛሬ እሷ ቦታ ላይ ሲደርስ በጣቱ ወደ ታች አሳየኝ፤ ሰምቻታለሁ ለማለት ነው።

ሲያልቅ ሁላችንም እሱን አየነው። አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

«ዚነት፣ እውነቱን ልንገርሽ። አሁንም ቀርፋፋ ናቸው። በአንዱ ምትና በሌላው መካከል አንድ መስኮት በይጄ እሰቅላለሁ።»

ሉባባ ሳቀች፣ እኔ አለቀስኩ፣ ወይ ተገላቢጦሹ። እማ ብቻ ናት ኮስተር ያለች። መንዙማ ላይም የድቤው ምት ቀስ ሲል ነው ልብ የሚመጣ አለች። የሚጣደፍ ድቤ እግር ነው የሚያንቀሳቅስ፣ የሚዘገይ ግን ውስጥ ይገባል። ይማም በቀኝ ጆሮው ስላልሰማት ዞሮ በግራው አስደገማት። ደግማ ነገረችው። እማን ለለቀስተኞቹ ቆጠርኳት፤ ሁለት ለአንድ ሆንን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ይማም ትናንት ግሩፑ ላይ ራሱ ጻፈ። እኔን አላማከረኝም፣ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው ያየሁት። «ጆሮዬ ተጎድቷል። ቀጭን ድምፅ አልሰማም፣ ወፍራሙ ግን ደህና ነው። ከሁሉም ወፍራም የሆኑትን ባንዶች ጠቁሙኝ።»

ለመናገር እንዲህ ያፍር የነበረው ሰው።

መልሱ እስከ ዛሬ አላቆመም። ከመቀሌ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ። የትኛው ባንድ ነው የጊታሩን ክር ከሁሉም ዝቅ አድርጎ የሚቃኘው በሚለው ሁለት ቡድን ሆነው ተጨቃጨቁ። አንዱ ዘፋኝ የሌላቸው ይሻሉታል ይላል፤ ሌላዋ የለም፣ ከደረቱ የሚያጓራ ዘፋኝ ራሱ ቤዝ ነው ትላለች። ከይማም ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ሲበሻሸቅ የኖረው የጅማው ሰውዬ እስከ ማታ ድምፁ አልተሰማም። ዛሬ ጠዋት ሠላሳ አንድ ባንድ ያለበት ዝርዝር ላከ፣ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ቤዙ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚገባ ጽፎ። ከታች «ወንድሜ፣ ስትጨርስ እንጣላለን» ይላል።

ይማም አሁን ጆሮው ላይ ትልቅ መሸፈኛ አድርጎ ነው የሚቆርጠው። አብሮት የሚሠራው ሰው መቁረጡን ለእኔ ተውልኝ እያለው ነው፤ ይማም ገና እሺ አላለም። ሥራውን ይተው ብዬ መጨቅጨቅ እፈልግና እተወዋለሁ። ለማዳመጫው ቀጠሯችን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ይመቸው አይመቸው አላውቅም፤ ሐኪሙም አያውቅም። ኢንሻአላህ።

ሞንታርቦው ለቅዳሜ ሠርግ ይፈለጋል፤ እስከዚያ የእኛ ነው። ዛሬ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ከዝርዝሩ ሦስተኛውን ባንድ ሰማን። ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። ይማም ሳጥኑን በጀርባው ተደግፎ፣ እኔ አጠገቡ። ሲያልቅ አየኝ፣ አየሁት።

አልወደድነውም። ሁለታችንም።