ዋይፋዩ ተበላሽቷል አልኳቸው

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

እማዬን አጥቤ፣ ቁርሷን አጉርሼ፣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙሬ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። ፋይሉ አሁንም አልወረደም። ያ ክብ ነገር ይዞራል፣ ይዞራል። ኤዲያ!

አለቃዬ ትናንት ደወለ። ቃል በቃል አልጽፈውም፣ ደሜ ይፈላል። ባጭሩ፦ የድምፅ ቅጂ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ የምገለብጠው ሥራ ከእንግዲህ አንዴ ከዘገየ ቤት ሆኖ መሥራት ቀረ። አዲስ አበባ ቢሮ እየተመላለስሽ ሥሪ ነው የሚለኝ። ከቡራዩ። በዚህ የታክሲ ሰልፍ። እማዬን ለማን ትቼ? ስትሮኩ ቀኝ ጎኗን ከያዘው ወዲህ ብቻዋን መነሳት አትችልም፣ ንግግሯም ተጎትቶ ነው የሚወጣው። ሠራተኛ ቀጠርኩ፣ ሄደች። ሌላ ቀጠርኩ፣ እሷም ሄደች። እና ደብተሬ፣ እኔን ከእማዬ ጋር ቤት ያዋለኝ ይሄ የተረገመ ኢንተርኔት ነው። እሱ ከሞተ እሷ ብቻዋን ዋለች ማለት ነው።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ጉድ ፈላ! ሞደሙ ውስጥ ገባሁ፣ በላፕቶፑ ማለቴ ነው። መግቢያ ስሙም ይለፍ ቃሉም ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። አድሚን፣ አድሚን። የፈለገ ሰው ገብቶ እንደፈለገ መነካካት ይችል ነበር። ማን ማን እንደተገናኘ የሚያሳይ ገጽ አለው። ቤታችን ያለው የእኔ ስልክና ላፕቶፕ ብቻ ነው፣ የእማዬ ስልክ ባለ ቁልፍ ናት። ዝርዝሩ ግን ወደ ታች ይወርዳል፣ ይወርዳል። የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ተሰልፎልኛል!

እማዬን ጠየቅኳት። አልካደችም። ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ዐረብ አገር ያለችው ልጃቸው ናፍቃቸው ሆድ ሲብሳቸው አየች። አዘነች። ሞደሙን ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈውን የይለፍ ቁጥር እንዲወስዱ ፈቀደችላቸው። እሳቸው ለሃያት ነገሯት፣ ፊት ለፊታችን ሱቅ ላላት። ሃያት ለደንበኞቿ። በቃ። በእኛ ጊዜ እሳት ሊጭር ለመጣ ጎረቤት እንቢ ይባል ነበር ወይ ትለኛለች፣ ቃል በቃል እየጎተተች። እሳት ቢጭሩት አይቀንስም፣ ይሄ ይቀንሳል እማዬ፣ አልኳት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

ለዚህ ነው ለካ መስኮታችን ሥር ሰው የማይጠፋው። ድንጋዩ ላይ፣ አጥሩን ተደግፈው። እኔ ሞኟ ጥላው ተስማምቷቸው መስሎኝ! ኦቦ ቶሎሳ ስልኩን አፋቸው ላይ ለጥፈው አከም ጅርታ፣ ነጋ ዳ፣ ኢንተለ ኮ፣ ደህና ነሽ ወይ ልጄ፣ እያሉ በኦሮምኛ ሲጮኹ የምገለብጠው ድምፅ ይጠፋኛል።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

አደረግኩት።

አክሰስ ፖይንት የሚሉትን፣ ዋይፋይ የሚረጭ ሳሕን የመሰለ ነጭ ነገር፣ ትናንት መርካቶ ወርጄ ገዛሁ። ከሞደሙ ኬብል ስቤ፣ በኮርኒሱ አሾልኬ፣ የኋላ ክፍሌ ጣራ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ የሞደሙን የራሱን ዋይፋይ አጠፋሁ። አድሚን የሚለውን ቀየርኩ። ለአዲሱ ረጅም ይለፍ ቃል፣ የማንም ስም፣ የማንም ልደት የሌለበት። ከጥበቃው ዓይነት ጠንካራውን መረጥኩ። ያለ ይለፍ ቃል በአንድ ቁልፍ የሚያስገባውንም ዘጋሁ፣ እማዬ ነይ ተጫኚ ብላ ሃያትን እንዳትጠራብኝ። ስሙን ደበቅኩ። ኃይሉን ቀነስኩ፣ ከግድግዳዬ እንዳያልፍ። ለእንግዳ የሚሆን ሌላ መስመር፣ ፍጥነቱን ገድቦ መክፈት ይቻላል ይላል መመሪያው። አየሁት። አለፍኩት። ተናድጃለሁ።

ፋይሉ ዐይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ ገባ። እሰይ!

ከሰዓት ሃያት መጣች፣ ስልኳን እያሳየችኝ። አልሰጥም አይባልም፣ ነውር ነው። ተበላሽቷል ነው የሚባለው። ዐይኔን በጨው አጥቤ ተበላሽቷል አልኳት። አይዞሽ፣ ይስተካከላል አለችኝ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ተስተካከለ ወይ? አመልክቻለሁ እላለሁ፣ ነገ ዛሬ እያሉኝ ነው እላለሁ። ኦቦ ቶሎሳ እኔን አጽናኑኝ፣ ልብ በል! ልጃቸውን ካነጋገሩ ሰንብተዋል፣ የሚያዝኑት ግን ለሥራዬ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ አልቀለለም። ሁሉም አምኖኛል።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ቶሎሳ። ሃያት። ከኋላቸው ቦርሳ በትከሻው ያንጠለጠለ ሰውዬ። አዋጥተው ባለሙያ አምጥተውልኝ! አዴ ብርቄ፣ እማዬን ነው፣ ታማለች፣ ልጅቷ በሥራ ተወጥራለች፣ እኛ እናሠራላት ተባብለው። በሩ ላይ ቆምኩ። አስቸገርናችሁ አልኩ፣ ሌላ ቀን አልኩ። እማዬ ከውስጥ ግቡ፣ ግቡ ትላለች፣ ሰው መጣ ብላ ፊቷ በርቶ። ምን አድርጌ ላስቀራቸው?

ሰውየው ሞደሙን አየ። ስልኩ ላይ የሆነ ነገር ከፍቶ ቤቱን ዞረ። ከዚያ፣ አንጀቱ ቅቤ እየጠጣ፣ ጮክ ብሎ ተናገረ፦ ምንም የተበላሸ የለም፣ ይሄኛውን ሰው ነው ያጠፋው፣ ከውስጥ ሌላ አለ፣ ስሙ ተደብቋል እንጂ ይሠራል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ኦቦ ቶሎሳ እኔን አዩ፣ ጣራውን አዩ። አለመበላሸቱ ጥሩ ነው፣ እሰይ፣ አሉ። እማዬን ትከሻዋን ስመው ወጡ። ሃያት ዞር ብላም አላየችኝ።

እማዬ ራቷን ከእጄ አልጎረሰችም።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ሥራው ከቀኑ ቀድሞ አለቀ። አለቃዬ አመሰገነኝ። ምን ይጠበስ?

መስኮቱ ሥር ማንም የለም። ድንጋዩ ላይ ዶሮ ትቆማለች። እማዬ ቀኑን ሙሉ መንገዱን ታያለች። ቀድሞ በመስኮቱ ያወሯት ነበር፤ አንዱ በቆሎ ጠብሶ ያቀብላታል፣ ሌላው ከገፈርሳ ገበሬ የሰማውን ወሬ ይዞላት ይመጣል። አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ነው፣ እግዜር ይመስገን። አለቀ። ሃያት ስኳሩን ትመዝናለች፣ ትሰጠኛለች፣ ወደ መደርደሪያዋ ትዞራለች።

ግን እኔ ምን በደልኩ? የራሴን በር ዘጋሁ እንጂ የሰው በር ሰበርኩ? ለእማዬ ብዬ አይደል? ይሄን ስጽፍ ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። እማዬ ሰምታ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ፣ ሆስፒታል ኮሪደር

ወደቀች። እማዬ ወደቀች።

ቢሮ ጠሩኝ፣ ውል ለመፈረም፣ የግድ በአካል። ምሳዋን አብልቼ ወጣሁ። ድሮም ለመድኃኒት፣ ለገበያ ትቻት እወጣ ነበር፣ ልቤም አይሰጋም ነበር። ለምን እንደማይሰጋ ጠይቄው አላውቅም። መስኮቱ ሥር ሁልጊዜ ሰው አለ። ውኃ ስትፈልግ ትጣራለች፣ ኦቦ ቶሎሳ ወይ ሃያት በጓሮ በር ይገባሉ። ይሄን ማን አስተማራቸው? ማንም። እያወሩ ይጠብቁልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቀማኞች አደረግኳቸው።

ሰልፍ፣ ዝናብ፣ ሌላ ሰልፍ። ስመለስ ሲሚንቶው ላይ ናት። እጇ ወደ መስኮቱ ተዘርግቷል። ድምጿ ተዘግቷል። ከመቼ ጀምሮ? አታውቅም። የጭኗ አጥንት ነው ይላሉ። አፈር በበላሁ። አፈር በበላሁ እማዬ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ቤት ነን። መቀመጥ የለባትም አለ ዶ/ሩ፣ ለወራት በጀርባዋ። ምናልባትም ከዚያ በኋላ አትቀመጥም። ይሄን ለእኔ በሹክሹክታ ነው የነገረኝ። አልጋዋ ከጓዳው በኩል ነው፣ መስኮቱ አይታያትም።

ጠያቂ የለም። እንዴት ይኑር? አልነገርኩማ። በኮንትራት ታክሲ እስከ ግቢው አስገብቼ በሩን ዘጋሁ፣ ማንም እንዳያይ። ምን ብዬ ልንገር? ማን ነበር አጠገቧ ቢሉኝስ?

የእንግዳውን መስመር ከፈትኩት። በእማዬ ስም ብርቄ አልኩት፣ ያለ ይለፍ ቃል። የሞደሙንም ዋይፋይ መልሼ አበራሁት፣ እስከ መንገዱ ይድረስ ብዬ። ሲመሽ ዝርዝሩን አየሁ። ባዶ። ማንም ከእኛ ቤት ምንም አይፈልግም።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

እማዬ ደጅ ማን አለ አለችኝ። አለ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ውሸቱን ለምጄዋለሁ! ማንም የለም አልኳት። ሰለቸኝ መዋሸት።

ከዚያ፣ ቃል በቃል እየጎተተች፣ የዚያን ቀኑን ነገረችኝ። ውኃ ጠምቷት ተጣራች። ኦቦ ቶሎሳን ጠራች። ሃያትን ጠራች። አልሰሙም ብላ መስኮቱን ልትከፍተው ተንጠራራች። እኔን ጠርታ እንደሆነ ጠየቅኳት። አንቺማ ሥራ ላይ ነሽ አለችኝ። ደብተሬ፣ እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ብዙ አለቀስኩ።

አሁን ተነስቻለሁ። በሩ ክፍት ነው፣ ዋይፋዩ ተከፍቷል ብዬ ልነግራቸው አስቤ ነበር። ተውኩት። ያን ይዤ ከሄድኩ ንግድ ይሆናል። ስለ ዋይፋይ አንድ ቃል አልተነፍስም። መጀመሪያ ኦቦ ቶሎሳ ቤት፣ ቀጥሎ ሃያት ጋ። እማዬ ወድቃለች፣ የወደቀችው እናንተን ስትጠራ ነው፣ እኔን ተቀየሙኝ እሷን ግን ጠይቁልኝ እላለሁ። ቢቆጡኝ እሰማለሁ። በሩን ቢዘጉብኝም ቆሜ እጠብቃለሁ።

ነጠላዬን ደርቤያለሁ። እማዬ ወዴት ነው አለችኝ። ሰው ልጠራልሽ አልኳት።

ቶሎ በይ አለችኝ።