የጸሎት ሸክም የመሰለኝ ሕመም

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 2009

ልጄ ሮዳስ፣ የጌታ ሰላም ከደጅሽ አይራቅ፤ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። ሁላችን ደህና ነን። የጅማ መንገድ ተከፍቷል፤ በረብሻው በተቃጠሉት ፋብሪካዎች በኩልም ጭስ አይታይም።

አሁን ስላለፈ ልንገርሽ። ረብሻው ከጀመረ ወዲህ ጨጓራዬን ያቃጥለኝ ነበር። ስለ አገር የተሰጠኝ የጸሎት ሸክም ነው ብዬ ስጾም ባሰብኝ። አባቴን የገደለው ካንሰር ይሆን ብዬ በልቤ ፈራሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ግን «ያንቺ ሆድ ከሬዲዮ ቀድሞ ዜና ያወራል፤ ተነሺ» ብለው አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።

ሐኪሟ በካሜራ አይታ፣ ናሙናም አስመርምራ «ካንሰር የለም፣ እማማ» አለችኝ። ባክቴሪያ ነው፤ ጨጓራዬ ላይ ተጣብቆ የሚያመነጨው ፕሮቲን ግድግዳውን አቁስሎታል።

«ታዲያ ጭንቀቴ አይደለም?»

«ጭንቀቱ የእርስዎ ነው፣ ፕሮቲኑ የእሱ» ብላ ሳቀች።

የሁለት ሳምንት መድኃኒቴን ጨርሻለሁ። ትናንት ቆጮ በዳጣ በላሁ፤ ምንም አልሆንኩም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሐኪሟ ባክቴሪያው በልጅነት ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል አለችኝ። ጥርስ ሳታወጪ ቆሎ እያኘክሁ ያጎረስኩሽ እኔ ነኝ፤ ፍቅሬን ብቻ የሰጠሁሽ መስሎኝ ነበር። እባክሽ ተመርመሪ። ጌታ ከእኔ ከወሰድሽው መልካሙን ብቻ ያስቀርልሽ።

እናትሽ ብርሃነሽ